በጾም የዋጥኩት ካፕሱል

ፊቴ ላይ ብጉር ከወጣ ወዲህ ሶዶ ውስጥ ሐኪም ያልሆነ ሰው አላጋጠመኝም። የባጃጁ ሹፌር በስፖኪዮ እያየኝ «ሎሚ ቀቢው» ይላል። የቢሮ ባልደረቦቼ ቅቤ ተዪ፣ እንቁላል ተዪ ይሉኛል። ቦዲቲ ያለችው አክስቴማ ገና ከበር ሳልገባ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃን ታዞረኝና «ስታገቢ ይጠፋል» ትለኛለች። እሺ እላለሁ። መልስ መስጠት ከደከመኝ ቆይቷል።

ታናሽ እህቴ ለሠርጓ ቀን ስትቆርጥ ግን ነገሩ ሌላ ሆነብኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ኳየር መሪ ዘማሪ ነኝ፤ ሙሽሮቹ ሲገቡ የሚዘመረውን እንድመራላት እህቴ ገና ሽማግሌ ሳይላክ ቃል አስገብታኛለች። መዝሙሩን አልፈራሁትም። የፈራሁት ቪዲዮውን ነው። የሠርግ ቪዲዮ እኛ ቤት ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይከፈታል፤ ልጅ ተወልዶ ትምህርት ቤት እስኪገባ ይታያል። እዚያ ውስጥ በዚህ ፊት መኖር አልፈለግሁም።

ፋርማሲ ሄድኩ። ባለሙያው ፊቴን አንዴ አየና ዶክሲሳይክሊን አወጣ። «ለኢንፌክሽን ነው፣ ለብጉርም ይሠራል። ጠዋትና ማታ ዋጪ» አለኝ። ማዘዣ አልጠየቀኝም፤ እኔም ምን ያደርገኛል ብዬ አልጠየቅሁትም። ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ነበር።

ያቅለሸልሸኝ ጀመር። ብጉሩ መድረቅ ስለያዘ ቻልኩት። ከዚያ ለሥራ ቆላ ወዳለችው ተበላ ከተማ ወረድኩ። የምሠራው ግብርና ጽሕፈት ቤት ስለሆነ ቆላ ወርዶ ማሳ ለማሳ መዞር ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ፀሐዩንም ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። የዚያን ቀን ግን አፍንጫዬና ጉንጬ የፈላ ውኃ እንደተደፋበት ተቃጠለ፤ ቆዳው ተላጠ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። መድኃኒቱ ቆዳን ለፀሐይ እንደሚያጋልጥ የነገረኝ አልነበረም። ጥላ ገዛሁና መዋጤን ቀጠልኩ።

ቃጠሎው ሲሽር ፊቴ ጠራ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ መስታወት ባየሁ ቁጥር እቆማለሁ።

ኳየራችን ሠርግ ሊያገለግል ሲል ይጾማል። ከጠዋት እስከ ማታ ምግብም ውኃም የለም፤ ወለሉ ላይ በግንባራችን ተደፍተን እንጸልያለን። ለእህቴ ሠርግም እንዲሁ ሆነ። የጠዋቱን ካፕሱል ምን ላድርገው? መዝለሉን ፈራሁ፤ ብጉሩ ለሠርጉ ተመልሶ ቢመጣስ? መድኃኒት ጾም አይፈታም፣ ውኃ ግን ይፈታል ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። በምራቄ ዋጥኩትና ከሌሎቹ ጋር ተደፋሁ። በማግስቱም እንደዚያው።

ጾሙ ሲያልቅ ደረቴ መሃል ፍም የተቀመጠ መሰለኝ። ምራቅ ስውጥ እንባዬ ይመጣል። ከሥጋ ጋር የምንበላው የሚለበልብ ዳጣ ይቅርና ለብ ያለ ሾርባም አልወርድ አለኝ። የኳየሩ ልጆች ጠላት አገልግሎቷን ሊያሰናክል ነው ብለው እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። አሜን አልኩ፤ አሜኑም አቃጠለኝ።

በመጨረሻ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ፣ የማይቸኩል ወጣት ነው። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ካፕሱሉን በምን ነው የምትውጪው?» ብሎ ነው። ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እህቴ፣ ይሄ መድኃኒት በብዙ ውኃ ነው የሚዋጠው። ከዋጡት በኋላም ቀና ብሎ መቆየት እንጂ መደፋት፣ መተኛት የለም። የምግብ መውረጃሽ ላይ ተጣብቆ አቁስሎሻል።»

«ቅዳሜ እኮ እዘምራለሁ» አልኩት።

«እስቲ ምራቅሽን ዋጪ።»

ዋጥኩ። ፊቴን አየና ካፕሱሉን እንዳቆም፣ ቁስሉ ጊዜ እንደሚፈልግ ነገረኝ።

ቅዳሜ ከኳየሩ ጋር ለብሼ ቆምኩ። ለመጀመሪያው ስንኝ ትንፋሼን ስስብ ደረቴን ቆርጦ ያዘኝ፤ ከጎኔ ያለችው ዘማሪ መዝሙሩን ተቀብላ መራችው። እህቴ በሙሽራው ክንድ ላይ እንዳለች አንገቷን አዙራ በዓይኗ ፈለገችኝ። በጣም ተናደድኩ፤ በፋርማሲው፣ አገጬን በያዘ ሁሉ፣ ከሁሉም በላይ በራሴ።

መድኃኒቱን ካቆምኩ በኋላ ብጉሩ ተመልሶ መጣ። አሁን የቆዳ ሐኪም በሚቀባ መድኃኒት ቀስ እያለ እያከመኝ ነው። ጉሮሮዬ ድኗል፤ እሑድ እሑድ እዘምራለሁ። አክስቴም አገጬን መያዟን አልተወችም።

ቪዲዮውን እናቴ አሁንም ለእንግዳ ትከፍተዋለች። ቪዲዮ ቀራጩ መዝሙሩ ሲጀመር ካሜራውን እኔ ላይ አቁሞታል፤ ፊቴ ጥርት ብሏል፣ አፌ ዝግ ነው። እንግዶች «ይቺ ቆንጆ ማናት?» ይላሉ። ባለፈው እህቴ ልጇን ታቅፋ አብራን ታይ ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ስንደርስ፣ ያቺ ሌላዋ ልጅ መዝሙሩን ስትቀበል፣ እህቴ ሪሞቱን አንስታ ድምፁን ዘጋችው።