ያልተጠሩት ከዋክብት

እትዬ ሀጂራ ሰው ሲያርማቸው አይወዱም። አዲስ አበባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰርግና ለሰደቃ ሲያበስሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ልጃቸው ፊርደውስ ስፖንሰር አድርጋ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር ካመጣቻቸው ወዲህ ግን ድስቱንም ስልኩንም ንግግሩንም የምትይዝላቸው እሷ ሆነች። ክፋት የላትም። እኔ ጎረቤታቸው ግን ሳይ ደሜ ይፈላል።

ሰፈራችን ላይብረሪ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ስለ ሰማይ የሚያስተምር አንድ ወጣት አለ። እትዬ ሀጂራ ቀርተው አያውቁም። ፊርደውስ አጠገባቸው ሆና ታስተረጉማለች፣ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ መምህሩ ግምት ጠየቀን። ብርሃን በአሥራ ስድስት ዓመት በሚጓዘው ርቀት ውስጥ፣ በዙሪያችን ስልሳ ገደማ ከዋክብት አሉ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ቦታው ስምንት እጥፍ ይሰፋል። እዚያ ውስጥስ ስንት ይኖራሉ? ሰዉ ሁሉ አባዝቶ አራት መቶ ሰማንያ አለ።

"ስድስት መቶ" አሉ እትዬ ሀጂራ ለልጃቸው።

"እማዬ፣ ከየት አመጣሽው?"

"አብዛኞቹ ደብዛዛ ናቸው፣ በዓይን አይታዩም ብሎ የለ መምህሩ? እኔ የተጠራውን ብቻ ቆጥሬ ድስት ጥጄ አላውቅም። ያልተጠራም ይመጣል!"

ፊርደውስ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞራ፣ "ፎር ኤይቲ" አለች።

እትዬ ሀጂራ እንግሊዝኛ ባይችሉም ቁጥሩን ገበያ አስተምሯቸዋል። ብድግ አሉ።

"ኖ! ሲክስ ሀንድረድ!"

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ሳይስቅ ሰሌዳው ላይ ጻፈላቸውና መልሱን ነገረን፤ እስካሁን የታወቁት ከአራት መቶ ሰማንያም ያንሳሉ። ከሁላችንም አብዝተው የሳቱት እሳቸው ነበሩ።

"አየሽ? ኢምባረስ እንዳትሆኚ ብዬ እኮ ነው!" አለች ፊርደውስ ስንወጣ።

"ድግሴ ተርፎ አፍሬ አላውቅም። ብሳሳትም በራሴ ቁጥር ልሳሳት። ባንቺ ቁጥር ልክ መሆን አልፈልግም!"

እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ዛሬ እትዬ ሀጂራ ብቻቸውን ቀድመው መጥተው ፊት ወንበር ላይ ጉብ ብለዋል። ፊርደውስ ዘግይታ ስለገባች ከኋላ እኔ ጋ ተቀመጠች። መምህሩ ርቀቱን እንደገና አሰፋና ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ጽፎ ግምት ጠየቀ። ፊርደውስ አፏን ልትከፍት ስትል ክንዷን ያዝኳት። እትዬ ሀጂራ እጃቸውን አውጥተው፣ ቀና ብለው ቁጥራቸውን ራሳቸው በእንግሊዝኛ ተናገሩ። ዛሬም ከሁሉም ግምት ይበልጣል።