ዋና ለዩኒቨርሲቲ

የአጎቴ ልጅ ከውጭ ደውሎ፣ "ዋና የሚችል ልጅ የውጭ ዩኒቨርሲቲ በነፃ ያስተምረዋል" አለኝ። በማግስቱ ልጄን ሰብለን እዚሁ ጎንደር፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ወዳለ መዋኛ ገንዳ ወሰድኳት። ዳር ላይ ደርሳ ቀጥ አለች።

"አባዬ፣ ይቅርብኝ" አለች።

"ምነው? ውኃ እኮ ነው!" ብዬ፣ ምሳሌ ልሆናት ዘልዬ ገባሁ። ዋና እንደማልችል ትዝ ያለኝ እግሬ ወለሉን ሲያጣ ነው። የገንዳው አሠልጣኝ ገና ልብስ እየቀየረ ነበር። ሰምጬ ብቅ ስል አንድ ሰው ብብቴን ይዞ ወደ ዳር ጎተተኝ። የጠጣሁትን ውኃ ተፍቼ ዓይኔን ብገልጥ፣ ሰብለ ናት፤ ከነቀሚሷ።

"የት ተማርሽ?" አልኳት።

"ቀሐ ወንዝ" አለችኝ። "ጥናት አለብኝ እያልኩህ ስወጣ።"