ኒካኖር ያመጣው ብርድ ልብስ

ኒካኖር ከቀዝቃዛው ተራራ ወደ ማግዳሌና ወንዝ ዳር ሲወርድ ትከሻው ላይ ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ነበረ። ጥላ እንኳ በሚያልብበት ወደብ ማን አይስቅ? በረዶ ሻጯ ኦብዱልያም ሳቀች። እሷ ከከተማ በጀልባ የሚመጣላትን በረዶ ሰጋቱራ ውስጥ ቀብራ ነበር የምታቆየው።

«በዚህ ብትጠቀልይው ይሻልሻል» አላት።

«ምነው ሰውዬ፣ በረዶው ወባ ይዞታል?»

አልተቆጣም። በረዶውን አምስት ቦታ እኩል እኩል አስፈልጦ አንዱን በሙዝ ቅጠል፣ አንዱን በጋዜጣ፣ አንዱን በሩዝ ገለባ፣ አንዱን በሰጋቱራ፣ የመጨረሻውን በብርድ ልብሱ ሸፍኖ ማንጎ ዛፍ ሥር አስቀመጠ። የወደቡ ሰው ሁሉ ተወራረደ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቅጠሉ ውስጥ እርጥበት ብቻ ቀርቷል፤ ጋዜጣው ውስጥ የአውራ ጣት ያህል፤ የገለባውና የሰጋቱራው ቡጢ ቡጢ አክለዋል። ብርድ ልብሱ ሲገለጥ ግን የበረዶው ጠርዝ ገና በቅጡ እንኳ አልዶለዶመም።

«ብርድ ልብስ የራሱ ሙቀት የለውም» አለ ኒካኖር። «በረኛ ነው። የውስጡን አያስወጣም፣ የውጭውን አያስገባም።»

ኦብዱልያ ይህን ሰው አገባችው። በረዶ ሲሸጡ አብረው አረጁ። አንዲት ልጃቸው ሊዮኒላ ከተማ ገብታ ቀረች።

በበጋው አናት ላይ፣ አንድ ማለዳ፣ ኒካኖር አረፈ። በዚያ ሙቀት ሬሳ ከአንድ ሌሊት በላይ አይቆይም። ሊዮኒላ የምትደርሰው ደግሞ በማግስቱ ቀትር፣ በረዶ በሚያመጣው ጀልባ ነው።

«አባቷን ሳታይ አፈር አይለብስም» አለች ኦብዱልያ። የቀራትን በረዶ በሬሳው ግራና ቀኝ ደርድራ ብርድ ልብሱን ከላይ አለበሰችው። ከዚያ ተጨማሪ በረዶ ፍለጋ በታንኳ ወደ ታችኛው ወደብ ወረደች።

እህቷ ፔትሮና ሬሳው ዘንድ ቀረች። የወንዝ ዳር ሰው ናት፤ ከተወለደች ብርድ ልብስ ለብሳ አታውቅም። «ምስኪን፣ ሞቶም በሱፍ ይታፈን?» ብላ ገፈፈችለት። ከጎረቤት ሴቶች ጋር እየተፈራረቀች በዘንባባ ማራገቢያ ታራግብለት ጀመር፤ እያለቀሰች፣ በፍቅር። እያንዳንዱ ሽውታ የክፍሉን ሙቀት እያፈሰ በረዶው ላይ ደፋው።

ኦብዱልያ አመሻሽ ላይ ባዶ እጇን ተመለሰች። ወለሉ ኩሬ ሆኗል።

«ብርድ ልብሱስ?»

«አነሳሁለት እኮ፣ እህት ዓለም። ቀዝቀዝ ይበለው ብዬ።»

ኦብዱልያ አፏን ከፈተች። የእህቷን ያበጠ የእጅ አንጓ አየችና መልሳ ዘጋችው።

ሲነጋ ሽታው ከሰው ቀድሞ ተናገረ። ቀበሩት።

ቀትር ላይ ጀልባው ደረሰ። ሊዮኒላ ወረደች። ከኋላዋ፣ ነጭ እንፋሎት እየተነነበት፣ በረዶው ወረደ፤ አንድ ሬሳ ቀርቶ መንደሩን ሁሉ የሚያቀዘቅዝ።

«እማዬ፣ አባዬስ?»

ኦብዱልያ ወደ መቃብሩ አቅጣጫ ዞረች።

«አትጠብቂኝም ነበር? አንቺ ዘንድ በረዶ ጠፍቶ?»

ፔትሮና ማራገቢያዋን ወደ ጀርባዋ ደበቀች።

«አነሰ፣ ልጄ» አለች ኦብዱልያ። «አክስትሽ እስከ መጨረሻው ስታራግብለት ነበር።»

ከዚያ ብርድ ልብሱን ከትከሻዋ አወረደችና አዲሱን በረዶ ሸፈነችው። ዳር ዳሩን፣ የተኛ ሰው እንዳይበርደው እንደሚደረገው፣ ቀስ ብላ ወታተፈችለት።