የምሳ ወንበር በሜስኪት

ወለተጊዮርጊስ ከሱዳን በስደተኝነት ወደ ዳላስ እንደመጣች ያገኘችው ሥራ ሜስኪት ውስጥ፣ ፔካን ሪጅ በሚባል ግሮሰሪ የሰው ዕቃ ከረጢት ውስጥ መክተት ነበር። ቆየት ብላ ካሸር ሆነች። አብረዋት ከጀመሩት አንዱ ትራክ ገዝቶ፣ ሌላዋ ነርሲንግ ተምራ ሲሄዱ እሷ እዚያው ቀረች። ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ሥራውን ስለምትወደው ነው። የስም ካርዷ ላይ «ወለቴ» ተብሎ ስለተጻፈ ደንበኛው ሁሉ በየአፉ እያጣመመ ይጠራታል። የማን ልጅ እንደተመረቀ፣ የማን ባል ስኳር እንደጀመረው ከእሷ የሚሰወር አልነበረም።

ባለፈው ዓመት ኩባንያው ቅርንጫፎቹን ሁሉ ዘመናዊ ላድርግ ብሎ ተነሣ። ስቶሩ ሳይዘጋ ነበር ሪሞዴሉ የተጀመረው። ሠራተኛው በላስቲክ መጋረጃ መሀል እየተሹለከለከ፣ አቧራ እየዋጠ ሸጠ። ካሸሮቹ የሚቆሙባቸው ባንኮኒዎች አብዛኞቹ ተነቅለው ደንበኛው ራሱ የሚከፍልባቸው ማሽኖች ተተከሉ። ወለተጊዮርጊስም ማሽኖቹን ጠባቂ ሆነች። አንዱ ሲጮህ ወደዚያ፣ ሌላው ሲጮህ ወደዚህ ስትሮጥ ትውላለች። አላማረረችም። «ዘመን ሲለወጥ አብሮ መለወጥ ነው» ብላ በሳምንት ውስጥ ጠባያቸውን ለመደችው።

አንድ ሰኞ ግን ምሳዋን ፍሪጅ ውስጥ ልታስቀምጥ ወደ ጓዳ ስትገባ የሠራተኛው ማረፊያ ክፍል የለም። ግድግዳው ፈርሷል፤ ሶፋውና ማይክሮዌቩ ተወስዷል። ቦታው በኦንላይን የታዘዘ ዕቃ ለሚቆይባቸው ትልልቅ ማቀዝቀዣዎች ተሰጥቷል።

የስቶሩ ማናጀር ሲላስ ይባላል። ሪቻርድሰን ያደገ፣ ወላጆቹ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች የሆኑ፣ ትሑት ልጅ ነው።

«ምሳ የት እንብላ?» አለችው።

«ፎር ናው መኪናችሁ ውስጥ ብሉ፣ እትዬ። ቴምፖራሪ ነው።»

ነገሩ ሲሰነብት ግን ጊዜያዊ አለመሆኑ ታወቀ። አዲሱ ፕላን ላይ ማረፊያ ክፍል የሚባል ነገር ጭራሽ አልነበረም። ነሐሴ ገባ። የቴክሳስ ፀሐይ አስፋልቱን ምጣድ አደረገችው። ሠራተኛው ሞተር እያስነሣ፣ ጭኑ ላይ ምሳውን አድርጎ መብላት ያዘ።

ሐዊ የምትባል ወጣት ካሸር የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። የመኪናዋ ኤሲ ተበላሽቷል። አንድ ቀን ከምሳ ስትዘገይባት ወለተጊዮርጊስ ልቧ ፈራና ወደ ፓርኪንጉ ወጣች። ሐዊ ራሷን መሪው ላይ ጥላ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ስትጠራት የማትሰማ ሆና አገኘቻት። ጮኸች። ሲላስ ሮጦ መጣ። ሁለቱ ደግፈው የወተት ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ አስገቧትና አምቡላንስ እስኪደርስ አንገቷን በእርጥብ ፎጣ ሲያብሱ ቆዩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትም ጽንሱም ተረፉ። ሐዊ ግን እስክትወልድ ሥራ እንዳትገባ ሐኪም ከለከላት።

ያን ዕለት ወለተጊዮርጊስ እቤቷ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ለባሏ ለበየነ ነገረችው። በየነ የኤርፖርት ሾፌር ነው፤ ጠብ አይወድም።

«አንቺ ሴት፣ አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ። ዝም አይነቅዝም።»

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራልስ ይባል የለ?»

«ምን፣ ደጃዝማች ልትሆኚ ነው?»

«እኔ የምፈልገው ወንበር ነው» አለችው።

በማግስቱ የምሳ ሰዓቷ ሲደርስ በደንቡ ክሎክ አውት አድርጋ መውጫ ሰዓቷን አስመዘገበች። የሽሮ ሳህኗን ይዛ በዋናው በር በኩል፣ ለሽያጭ የተደረደሩት የጓሮ ወንበሮች ጋ ሄደች። አንዱን ሳበች፣ ከወንበሮቹ ጋር በተዘረጋው ትልቅ ጃንጥላ ሥር ተቀመጠች፣ አማትባ መብላት ጀመረች። ደንበኛው ጋሪውን እየገፋ ሲያልፍ ግራ ተጋብቶ ያያታል። እሷም ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም ትላለች።

ሲላስ ደረሰ። ጆሮው ቀልቷል።

«እትዬ፣ እዚህ መብላት አትችይም... ማለቴ፣ አይችሉም። ይሄ ዲስፕሌይ ነው።»

«እንግዲያው የኛን ወንበር አሳየኝና እዚያ ልሂድ።»

«የኔ ዲሲዥን አይደለም። ፕላኑ ከሄድኳርተር ነው የመጣው።»

«አውቃለሁ ልጄ፤ ከአንተ ጋር ጠብ የለኝም። ግን ሐዊን ከመኪና ያወጣናት እኔና አንተ ነን። ሄድኳርተር እዚያ አልነበረም።»

ሲላስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ነገ ከደገሙት ራይት አፕ ማድረግ አለብኝ» አላት።

«አድርገኝ። እኔም ነገ እመጣለሁ።»

መጣችም። እሱም ማስጠንቀቂያውን ጻፈባት። ፈረመች፤ ሥራዬን ካጣሁ በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥረኛል ብላም ሰጋች። ሆኖም በሦስተኛው ቀን ተመልሳ ተቀመጠች። ሥጋ ቆራጩ ሽርጡን አውልቆ፣ ሳንድዊቹን ይዞ ከጎኗ ተቀመጠ። ቀጥሎ ዳቦ ቤት የሚሠሩት ሁለት ሜክሲኳውያን ሴቶች መጡ። ከቀናት በኋላ ለሽያጭ የቀረበው ወንበር ሁሉ በሠራተኛ ተያዘ። ደንበኞች «ለምንድን ነው እዚህ የምትበሉት?» ሲሉ ወለተጊዮርጊስ ሳትጨምር ሳትቀንስ ትነግራቸዋለች። ብዙዎቹ ከእሷ እንደወጡ በቀጥታ ወደ አቤቱታ መቀበያው ይሄዱ ጀመር።

የታደሰው ስቶር የሚመረቅበት ቀን ሲቃረብ የአካባቢው የበላይ ኃላፊ የሆነች ሴት ስቶሩን ልትጎበኝ መጣች። በሩ ላይ ያገኘችው ምሳ የሚበላ ጉባኤ ነበር።

«እነዚህ ሰዎች ማናቸው?» ብላ ሲላስን ጠየቀችው።

ወለተጊዮርጊስ ልትነሣ ስትል ሲላስ ቀደማት። «ሠራተኞቼ ናቸው» አለ በእንግሊዝኛ። «ቦታ የላቸውም። እኔም ምሳዬን መኪናዬ ውስጥ ነው የምበላው። አንዷን ከመኪናዋ ራሷን ስታ አውጥተናታል፤ ሪፖርቱን ልኬ ነበር፣ መልስ አላገኘሁም።»

ሴትዮዋ ወደ ወለተጊዮርጊስ ዞረች። ወለተጊዮርጊስም በዚያ ገበያ በተማረችው እንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ፣ «ማሽኖቹን ተምረናል፣ ሥራውንም እንሠራለን። በሩ የሚዘጋ፣ ቀዝቃዛ ክፍል ግን እንፈልጋለን» አለቻት።

ምርቃቱ ከሳምንታት በኋላ ሲደረግ የገና ዛፍና ጌጥ የሚከማችበት መጋዘን ተጠርጎ ማረፊያ ሆኖ ነበር። መስኮት የለውም፤ ከድሮውም ይጠባል። ማስጠንቀቂያውም ከፋይሏ አልተፋቀላትም። ከካሸሮቹም አንዳንዶቹ ሰዓታቸው ተቀንሶ ሌላ ሥራ ፍለጋ ሄዱ። ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ አሸነፍኩ ብላም አትፎክርም።

ሐዊ ሴት ልጅ ወልዳ ስትመለስ፣ ለልጇ የጡት ወተት የምታልብበት ቦታ ስትጠይቅ፣ ወለተጊዮርጊስ እጇን ይዛ ክፍሉን አሳየቻትና ቁልፉ ከውስጥ እንዴት እንደሚዞር ነገረቻት። ራሷ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችላት።

ሰሞኑን ደግሞ ማሽኖቹ ጋ ቆሞ መዋል ጉልበቷን አሟታል። ሲላስን በጠዋት መንገድ ላይ ጠበቀችው።

«እትዬ፣ አሁን ደግሞ ምን?» አላት፣ እየሳቀም እየፈራም።

«ረጅም በርጩማ» አለችው። «ለኔ ብቻ አይደለም፤ እዚያ ለሚቆም ሁሉ።»

ጠየቀላት። መልሱ ገና አልመጣም። እሷም በየሳምንቱ ታስታውሰዋለች።