የኩልሱም አቡጀዲ

«አንቺ! ለማን ሰጠሽው? ስሙን ለማታውቂው ሰው! አባባ ከመካ ተሸክሞ ያመጣውን፣ በዘምዘም የተነከረውን የእማማን ከፈን! ነገ እማማ ብትሞት በምን ልንከፍናት ነው? በማዳበሪያ?»

ይሄ በድሩ ነው። ጉንፋን እንደያዘው ሰው በአፍንጫው ነው የሚናገረው፤ ሲናደድ ደግሞ ድምፁ ይቀጥናል፣ ልክ ቢላ ድንጋይ ላይ ሲሳል። እኔ ጎረቤት ነኝ፣ በአጥር እሰማለሁ። ጆሮዬን የት ልጣለው?

ኩልሱም ስፌቷን አላቋረጠችም። ከአልጋ የማይነሱት እናታቸው ናቸው ከውስጥ የጮኹት፦ «ምነው በድሩ? እኔ መቼ ሞትኩና ነው በከፈኔ የምትጣላው?»

ኩልሱም የሰፈራችን የአዲስ ዓለም ልጅ ናት። አግብታ ፈታለች፣ አልወለደችም። ታናናሾቿን በድሩን፣ መርዋንና ኡዘይርን በስፌት ማኪና ያሳደገቻቸው እሷ ናት። አባታቸው ሲሞቱ ግን በውርስ ጠብ ቤቱ ጀሀነም ሆነ። በድሩ ግቢውን በቆርቆሮ ለሁለት ከፈለው። መርዋ ደግሞ እሱ ሲያልፍ ጠብቃ እጣቢ ትደፋለች፤ ከንፈሯን አሹላ «ውይ፣ አላየሁህም ወንድም ጋሼ!» ትላለች። በሁለቱ መሀል የሚመላለሰው የመጨረሻው፣ ሳቂታው ኡዘይር ብቻ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ተንጠላጥሎ የአንዱን ወጥ ለሌላው ያቀብላል።

ከዚያ ኡዘይር ጨርቅ ሊሸጥ ወደ አይከል ገበያ ሄደ። የተሳፈረበት መኪና መንገድ ላይ ባዶውን ተገኘ። ሰዎቹ የሉም። ጀናዛ የለ፣ ለቅሶ የለ። ሊያጽናና የመጣ ሰው እንኳ ግራ ይገባዋል። «አላህ ያጽናችሁ» ቢል ሞቷል ማለቱ ነው፤ ዝም ቢል ምን ሊያደርግ መጣ?

ትንሽ ቆይቶ አንድ ሹፌር ከአዘዞ ወዲያ መንገድ ዳር የወደቀ ጀናዛ አንስቶ መስጊድ አመጣ። ኪሱ ውስጥ የሶላት መቁጠሪያ፣ ተስቢህ አለ፣ መታወቂያ የለም። በድሩ ሮጦ ሄደ። የኡዘይር ምልክቱ ግራ አውራ ጣቱ ነው፤ የስፌት ማኪና መርፌ ገብቶበት ጥፍሩ ለሁለት ተሰንጥቋል። በድሩ ጣቱን አየና «የኛ አይደለም» ብሎ ተመልሶ ተኛ። ኩልሱም ግን የእናቷን ሳጥን ከፍታ ከፈኑን ለሟቹ ላከች። ጠቡ ይሄ ነው።

በድሩ ጮሆ ጮሆ ሲደክመው ነው ኩልሱም አፏን የከፈተችው።

«ኡዘይርንም አንድ ሰው የትም ወድቆ አግኝቶት፣ ‹የኛ አይደለም› ብሎ ቢያልፈውስ? አንተ ዛሬ እንዳለፍከው?»

በድሩ በሩን ገፍቶ ወጣ። ከቆርቆሮው ወዲያ ሰሃን ታጥብ የነበረችው መርዋ ማጠቧን ተወች።

ከዚያ ወዲህ ባለቤት የሌለው ጀናዛ በመጣ ቁጥር የኩልሱም በር ይንኳኳል። ለከፈን የሚሆን ነጭ አቡጀዲ ገዝታ ታስቀምጣለች። አንድ ቀን የአቡጀዲው ጣቃ ግቢው ላይ ተዘርግቶ ሊቆረጥ ሲል ግን ቦታው ጠበበ፤ ቆርቆሮው ያዘው። ጫፉን በስር አሾልካ ለመርዋ ብታቀብላት አፈር ነካው። «ለሙት እንኳ ንጹሕ ጨርቅ ይነፈገው!» ብላ መርዋ አለቀሰች። በማግስቱ በድሩ ፒንሳ ይዞ መጣ፤ ማንንም ሳያናግር ቆርቆሮውን ነቅሎ ጣለው።

«በድሩ፣ አጥርህን ሌባ ወሰደው እንዴ?» አልኩት።

«ምላስሽን ይውሰደው» አለኝ።

ፍቅር በፍቅር ሆኑ እንዳትሉ። መርዋ እጣቢውን አሁንም ትደፋለች፣ አሁን ግን እሱን አሳልፋ ነው። የወንዶቹን ጀናዛ በድሩ ከመስጊድ ሰዎች ጋር ያጥባል፤ የሴቶቹን መርዋ፤ ኩልሱም ከፈኑን ትቆርጣለች። ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ከትሪው ላይ በኡዘይር በኩል ያለውን እንጀራ ማንም አይነካውም።

ዛሬ ይሄን ልጽፍ ኩልሱም አጠገብ ተቀምጬ ሳለ ስልኳ ጮኸ። በድሩ ነው፣ ከመስጊድ። ያ የአፍንጫ ድምፁ ዛሬ የለም።

«አንድ ወጣት መጥቷል። ቁመቱ የሱ ነው። ጸጉሩም የሱ ነው። ፊቱ አይለይም።»

«እጁስ?»

«ጭቃ አለበት። ቆይ፣ እያጠብኩት ነው።»

መርዋ ጭልፋውን እንደያዘች ቆመች። እናትየው ከውስጥ «ማነው? ልጄ ነው?» አሉ። በስልኩ ውስጥ ውሃ ሲፈስ ይሰማል።

«አይደለም» አለ በድሩ። «ጥፍሩ ደህና ነው።»

መርዋ ጭልፋውን ወደ ድስቱ መለሰችው። ኩልሱም «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ፊቷ ግን አልተፈታም። እኔን የሚገድለኝ ምላሴ ነው።

«ኩልሱምዬ፣ እሱ ሆኖ ቢሆንስ? ያ ቆርቆሮ ይመለስ ነበር?»

ቀና ብላ አየችኝ።

«በየሶላቱ ይገኝልኝ እላለሁ። ሲገኝ ደግሞ በሱ ፍለጋ የተሰበሰቡት እነዚህ ይበተኑብኛል ብዬ እፈራለሁ። አላህ የቱን ይስማኝ?» አለችና እጄን አየች። «ይሄንንም ጻፍሽው?»

«አዎ።»

የአቡጀዲውን ጣቃ አንስታ ዘረጋችው።

«በቃ አትጻፊ። ልጁ እዚያ መስጊድ ራቁቱን ነው ያለው። ነይ ጫፉን ያዢ።»