ፍቄ የማላርመው ብሮውዘር

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ንፋስ መውጫ በሚገኘው ትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች ውስጥ የእኔ ቃላት ነበሩ። እውነቴን ነው! ኮምፒውተሮቹ የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባል ነጻ ሥርዓት ነው፤ የኢንተርኔት ገጽ የምንከፍትበት ብሮውዘራቸውም ማንም ውስጡን ከፍቶ የሚያስተካክለው ነጻ ሶፍትዌር። የቃላቱን ፋይል ከፍቼ ሁለት ወር ሙሉ ወደ አማርኛ መለስኩት። የወደዱትን ገጽ ምልክት የሚያደርጉበትን ቁልፍ «ክር» አልኩት። አባቴ እዚሁ አቅራቢያችን ባለው የድጓ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ልሔም፣ የተማሩ ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ በብራና መጻሕፍት ይገለብጣሉ፤ የሚነበበው ቦታ እንዳይጠፋ ከብራናው ጠርዝ ላይ ክር ይሰፋሉ። ሌላ ምን ልበለው?

አንድ ሰኞ የኮምፒውተር መምህራችን ፍላሽ ይዘው መጡ።

«የፈተና መመዝገቢያው ገጽ በእኛ ብሮውዘር አልከፈት ብሏል። አንድ ኩባንያ የሠራውን ሌላ ብሮውዘር እጭናለሁ። ዲስኩ ስለማይበቃ የድሮው ይጥፋ።»

«ቲቸር፣ ቃላቶቼስ?»

«ይኸኛውም አማርኛ ያውቃል። ደግሞ ፈጣን ነው።»

ከፈቱት። ፈጣን ነው፤ አልዋሽም። ግን «ዝጋ» ማለት ሲገባው «ሰርዝ» ይላል።

«ይችን ላርማት?»

«አይቻልም። ውስጡ ዝግ ነው፤ ባለቤት አለው።»

ከኋላ አንዷ፣ «የቁም ጸሐፊ ልጅ፣ ክርሽን ይዘሽ ቅኔ ማኅሌት ግቢ!» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

አልተቀመጥኩም። «አባቴ መጽሐፍ ሲገለብጡ የቀደመው ጸሐፊ የሳተውን ካገኙ በምላጭ ፍቀው ያርማሉ። ባለቤት አለው ብለው ስህተቱን አይደግሙም። ፈጣን ስለሆነ ብቻ የማልፍቀውን ልቀበል?» አልኩ።

«ምዝገባው ነገ ያበቃል» አሉ መምህሩ ቀስ ብለው። «ገጹ ካልተከፈተ አንቺም አትፈተኝም።»

ይኸስ እውነት ነው። ጥርሴን ነክሼ ፎርሙን በዚያው በዝጉ ሞላሁ። ሞልቼ ስነሳ ግን፣ «አንድ ኮምፒውተር ሳይነኩ ይተዉልኝ» አልኳቸው።

«የቱን?»

መስኮቱ ሥር ያለውን፣ ለመነሳት ሩብ ሰዓት የሚፈጀውን አሳየኋቸው።

«እሱንማ ውሰጅው!» ብለው ሳቁ።

ወሰድኩት፤ የድሮው ብሮውዘር ከነቃላቴ እዚያው መስኮቱ ሥር ቀረ። በሳምንቱ ያች የቀለደችብኝ ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስትነካካ ቆየችና፣ «‹ክር› ግን አይጥምም፤ ‹ምልክት› ይሻላል» አለችኝ።

የሁለት ወር ልፋቴ! ቢሆንም ፋይሉን ከፍቼ ወንበሩን ለቀቅኩላት።

«ያውልሽ» አልኳት፤ «ፍቀሽ ጻፊ።»