በቁማቸው የተለቀሰላቸው አክስቴ

እድርን ስነቅፍ የኖርሁ ሰው ነኝ። ለሙት እንጂ ለሕያው የማይነሣ ማኅበር ነው እያልሁ በቃልም በጽሑፍም ተሟግቻለሁ። አንድ የመጋቢት ቅዳሜ ግን አፌን አስይዞኛል።

ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩትን አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ከማሳቸው በላይ ያለው ተራራ ጨሰ። ማር ቆራጭ ጥሎት የሄደው እሳት ነው። ከብት እንዳይገባበት ለዓመታት ተከልሎ የከረመው ሣር ተንቦገቦገ። አክስቴ የፈሩት ለሣሩ አልነበረም። በመጋቢት የተራቆተ ተራራ በሐምሌ ጎርፍ ይለቃል፤ ጎርፉ የሚወርደው ደግሞ በማሳቸው ላይ ነው። ከዚያች ማሳ ሌላ የላቸውም።

ጎረቤታቸውን፣ የእድሩን ጡሩምባ ነፊ፣ ጠሩት።

«ንፋ!»

«ማን ሞተ፣ እትዬ?»

«ተራራው ሲነድ አይታይህም?»

«ለእሳት ይነፋ የሚል ደንብ የለንም። የእድሩ ዳኛ ይቀጡኛል።»

«እንግዲያው እኔ ሞቻለሁ። ንፋ!»

ነፋ። ስማቸውን ጠርቶ መርዶውን ለፈፈ፤ ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ብዙም ሳይቆይ መንደሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ደረቱን እየደቃ መጣ። ከፊት ያሉት የድንኳን እንጨት ተሸክመዋል። አክስቴ ቅጠላም ቅርንጫፍ ይዘው በራቸው ላይ ቆመዋል።

«ውይ! አልሞቱም እንዴ?» አለች አንዷ እንባዋን ሳትጠርግ።

«እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ያንን አጥፉልኝ!»

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ተቆጣ፣ ሁሉም ግን ወጣ። የእድር ሰው ሥራ መከፋፈል ያውቅበታል። መቃብር ቆፋሪዎቹ በአካፋቸው አፈር በተኑ፣ ውኃ ቀጂዎቹ ውኃ አመላለሱ፣ የቀረው በቅርንጫፍ ቀጠቀጠ። እኔም ያነበብሁትን ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ይዤ ስቀጠቅጥ ዋልሁ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት እሳቱ ጠፋ። ከማሳው በላይ ያለው ጎን ግን ጠቁሮ ራቁቱን ቀርቷል።

ሰው ሊበተን ሲል አክስቴ የእድሩን ዳኛ ያዟቸው።

«ብሞት ስንት ቀን ትቀመጡልኝ ነበር?»

«ሦስት ቀን።»

«እሱን አሁን ስጡኝ። እርከን ሥሩበት።»

ዳኛው የተማረ ሰው ምን ይላል ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ባለሙያ መጥቶ ቢያጠናው ይሻላል» አልሁ።

«አንተ አጥና፤ እነሱ ይቆፍሩ» አሉ አክስቴ።

ሦስት ቀን ተቆፈረ። ድንጋይ ተደረደረ፤ ውኃውን ወደ ወንዙ የሚመልስ ቦይም ወጣ።

ሐምሌ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ ደግሜ ልጠይቃቸው ሄጄ እዚያው ነበርሁ። አመድ ያጠቆረው ጎርፍ እያጓራ መጣና እርከኑን ገጨው። ቦዩ በአንድ በኩል ሊደረመስ ሲል አምስት ስድስት ሰው ድንጋይ ይዞ ዘለለበት። ውኃው አመነታ፣ ከዚያ ታጠፈ፣ ወደ ወንዙም ወረደ። የማዳበሪያ ከረጢት ደፍቶ ዳር ላይ የቆመው ሕዝብ እልልታውን አቀለጠው።

ዝናቡ ሲያባራ አክስቴ ጫማቸውን አውልቀው ጉልበት የደረሰው ገብስ መሐል ገቡ። ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት። አንድ ስንዝር መሬት አልጎደለም።